ቶርክ፣ የፈረስ ጉልበት እና የጎንደር ዳገት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ መኪና የሚወድ ሰው ብዙ ነው። ስፖርት መኪና ያለው ግን ጥቂት ነው። ዝቅ ያለች ባለ ሁለት በር መኪና ፒያሳ ጥግ ከቆመች ወጣቱ ይከባታል። መጀመሪያ የሚጠየቀውም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ስንት የፈረስ ጉልበት አላት?" ጥያቄው ደህና ነው፤ ግን ግማሽ ነው። እኔ ብሆን "ጉልበቷ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር ሲዞር ነው የሚመጣው?" ብዬ እጨምርበታለሁ። በየቀኑ መሪ ይዘን የምንኖረው ከዚህኛው መልስ ጋር ነው። ጓደኞች፣ ጎረቤቶችና ጋራዥ ውስጥ የማገኛቸው ልጆች ደጋግመው ከሚጠይቁኝ የተወሰኑትን እነሆ።

ቶርክ ምንድን ነው? ከፈረስ ጉልበት በምን ይለያል?

የጎማ ብሎን ፈትታችሁ ታውቃላችሁ? እምቢ ያለ ብሎን በአጭር ቁልፍ አይነቃነቅም። ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክታችሁ ስትጫኑት ግን ይላቀቃል። ክንዳችሁ ያው ክንድ ነው። የጨመረው የመጠምዘዝ ኃይሉ ነው። ቶርክ ማለት ይኸው ነው። የሚለካው በኒውተን ሜትር ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቁልፍ አግድም ይዛችሁ ጫፉ ላይ 10 ኪሎ ብታንጠለጥሉ፣ ብሎኑ ላይ የሚያርፈው 98 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው።

የፈረስ ጉልበት ደግሞ ያ መጠምዘዝ በምን ያህል ፍጥነት ሥራ እየሠራ እንደሆነ ይነግረናል። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ቶርኩን በሞተሩ የደቂቃ ዙር አባዙት። የመጣውን ለ7,023 አካፍሉት። የፈረስ ጉልበቱ ያ ነው። ስለዚህ "ቶርክ ይበልጣል ወይስ ፈረስ ጉልበት?" እየተባለ ጋራዥ ውስጥ የሚነሳው ክርክር መሠረት የለውም። አንዱ ከሌላው የሚወጣ ነው። ቶርክ የሌለው ሞተር የፈረስ ጉልበት ሊኖረው አይችልም።

አባቶቻችን ይህን ያለ ሒሳብ ያውቁት ነበር። ለጉግስ ሜዳ ፈረስ ይጭናሉ። ሊማሊሞን ለመውጣት ግን በቅሎ። ፈረሱ ሜዳ አግኝቶ ሲንደረደር ነው ጉልበቱ የሚታየው። በቅሎዋ ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምራ ትሸከማለች። ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ይጎድላል፤ መኪና ውስጥ ሁለቱም ከአንድ ሞተር ነው የሚወጡት። ልዩነቱ ሞተሩ የትኛውን ጠባይ መቼ እንደሚያሳያችሁ ነው።

"የፈረስ ጉልበት" የሚለው ስም ከየት መጣ?

ከስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ከጄምስ ዋት። በ18ኛው መቶ ዘመን የእንፋሎት ሞተሩን ሲሸጥ ደንበኞቹ የሚያውቁት ፈረስን ነበር። ስለዚህ ሞተሩ የስንት ፈረስ ሥራ እንደሚሠራ አስልቶ ነገራቸው። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት መለኪያ 75 ኪሎ የሚመዝን ነገር በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ወደ ላይ ማንሳት ነው። ኪሎዋት የተጻፈበት ወረቀት ካጋጠማችሁ በ1.36 አባዙት።

ሁለት መኪኖች ተቀራራቢ የፈረስ ጉልበት እያላቸው ለምን ሲነዱ ይለያያሉ?

በጣም የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። ሁለት እውነተኛ መኪኖች ልውሰድ።

አንደኛው ሆንዳ ኤስ2000 ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ፣ ባለ 2 ሊትር፣ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው። 240 የፈረስ ጉልበት አለው፤ የሚሰጠው ግን 8,300 ዙር ላይ ነው። ቶርኩ 208 ኒውተን ሜትር ሲሆን እሱም 7,500 ዙር ላይ ነው። ሁለተኛው ሰባተኛው ትውልድ ጎልፍ ጂቲአይ ነው። እሱም ባለ 2 ሊትር ነው፤ ቱርቦ ግን አለው። 220 የፈረስ ጉልበትና 350 ኒውተን ሜትር ቶርክ አለው። ያን ቶርክ ከ1,500 ዙር ጀምሮ እስከ 4,400 ድረስ ሳይቀንስ ይሰጣል።

ወረቀት ላይ ሆንዳው በ20 ይበልጣል። አሁን ሁለቱን ከአራዳ ወደ ላይ በምትወስደን መንገድ እንንዳቸው። ፊታችን ባጃጅ አለ። ጎናችን ሚኒባስ ሰው እያወረደ ነው። ሞተራችን 2,000 ዙር ላይ ነው። ጎልፉ እዚህ ላይ 350 ኒውተን ሜትሩን አዘጋጅቷል፤ ሒሳቡን ስንሠራ 100 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይመጣል። ሆንዳው ትልቁን 208 ቶርኩን እዚህ ታች ሊሰጠን ቢችል እንኳ 59 ብቻ ነው የሚሆነው። በእውነት የሚሰጠው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። 240ው ፈረስ የታለ? ላይ፣ 8,000 አካባቢ ታስሯል። ከተማ ውስጥ እዚያ የሚደርስ ሰው የለም።

ይህ ማለት ሆንዳው መጥፎ መኪና ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም ባዶ መንገድ ላይ ከ6,000 ዙር በላይ ሲጮህ መስማት እንደገና ልጅ ያደርጋል። ሹፌሩ ግን መሥራት አለበት። ማርሽ ዝቅ፣ ዙር ከፍ፣ እንደገና ማርሽ። ጎልፉ እግራችሁን ትንሽ ጫን ስታደርጉ ብቻ ይሄዳል። የመጀመሪያው በዓል ነው፤ ሁለተኛው አዘቦት ነው። ለየትኛው ቀን እንደምትገዙ ራሳችሁን ጠይቁ።

ታዲያ ሃይሉክስ 500 ኒውተን ሜትር እያለው ለምን ስፖርት መኪና አልሆነም?

አዲሱ ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ ሃይሉክስ እውነትም 500 ኒውተን ሜትር አለው፤ 204 የፈረስ ጉልበትም። ነገር ግን መኪናውን የሚገፋው ሞተሩ ላይ ያለው ቶርክ ሳይሆን ጎማው ላይ የሚደርሰው ነው። በመሐል ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) አለ።

ቶዮታ 86ን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ 205 ኒውተን ሜትር ብቻ ነበረው። አንደኛ ማርሽ ላይ ግን ካምቢዮውና የኋላው ዲፈረንሻል ተጋግዘው ቶርኩን 15 ጊዜ ያህል ያባዙታል። ጎማ ላይ ከ3,000 ኒውተን ሜትር በላይ ይደርሳል። ስድስተኛ ማርሽ ላይ ብዜቱ ወደ 3 ይወርዳል፤ ጎማ ላይ የሚደርሰውም 645 አካባቢ ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ዝቅተኛ ማርሽ ላይ ረዘም አድርጎ መቆየት የሚችል ሞተር ትልቅ ጥቅም አለው። ቤንዚኑ 7,000 ዙር ድረስ ይቆያል። ናፍጣው ከ4,000 ብዙም ሳይርቅ ትንፋሹ ያልቃል፤ ማርሽ ጨምሩ ይላል፤ ማርሽ ሲጨምር ብዜቱ ይቀንሳል። ከፍ ባለ ዙር የሚሮጥ ሞተር የሚያሸንፈው በዚህ ነው። ክብደትም ሌላው ነው። ሃይሉክስ 2 ቶን የሚጠጋ ሥጋ ተሸክሞ ነው የሚሮጠው።

ጎንደር ከፍታ ላይ በመሆኗ መኪናዬ ጉልበት ያጣል?

አዎ። ብዙ ሰው ግን ምን ያህል እንደሆነ አያውቅም።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሲነጻጸር ከ5 አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በሚስበው አየር ልክ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይሳሳል። ወረቀቱ 200 የሚለው መኪና ጎንደር ሲገባ 160 አካባቢ ነው። 70 የምትለው ቪትዝ 56 ገደማ ትሆናለች። በወገራ አድርጋችሁ ደባርቅ ስትደርሱ ከፍታው ከ2,800 ሜትር ያልፋል፤ ጉድለቱም ወደ ሩብ ይጠጋል። በአይከል በኩል ወደ መተማ ቆላ ስትወርዱ ደግሞ መኪናው ነፍስ ሲዘራ ይሰማችኋል። ሙቀቱ ትንሽ መልሶ ይወስድበታል እንጂ።

"መኪናዬ ታሟል፣ አልጎትት አለኝ" ብሎ ካንዴላና ነዳጅ ፓምፕ ያስቀየረ ሰው አውቃለሁ። መኪናው ከጅቡቲ ወደብ የተነሣ፣ ገና አዲስ የገባ ነበር። በሽታ አልነበረበትም። ደገኛ መሆን ነበር የከበደው።

ቱርቦ ያለው ሞተር ይህን በአብዛኛው ይቋቋማል። ቱርቦው የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን ይሞላዋል። ለዚህ ሲል ግን ከወትሮው በበለጠ ፍጥነት መሽከርከር አለበት። እስኪሞላ ድረስ ያለችው ቅጽበትም እዚህ ረዘም ትላለች።

ነዳጅ ስረግጥ መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ከዚያ ድንገት ይወነጨፋል። ምንድን ነው?

የቱርቦ መዘግየት ነው። ቱርቦው የሚዞረው ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ነው። ዙሩ ዝቅ ሲል ጭሱ ጥቂት ነው። ጥቂት ጭስ ቱርቦውን በደንብ አያዞረውም። እስከዚያ ድረስ የምትነዱት ቱርቦ የሌለው ትንሽ ሞተር ነው፤ እሱም በሳሳ አየር።

ለምሳሌ ከቀሃ ድልድይ ተነሥታችሁ ዳገት ስትጀምሩ እግራችሁን ትጫናላችሁ። ምንም የለም። የበለጠ ትጫናላችሁ። በዚህ መሐል ቱርቦው ይሞላና መኪናው ይዘላል፤ ፊት ለፊት ደግሞ ሰው ይሻገራል። መፍትሔው እግር ማክበድ አይደለም። አንድ ማርሽ ቀንሱ፣ ዙሩን 2,000 አካባቢ አድርሱት፣ ከዚያ በዝግታ ጨምሩ። ቶርኩ እንደ ውኃ ቀስ ብሎ ይፈስላችኋል።

በትልቅ ማርሽና በዝቅተኛ ዙር መንዳት ነዳጅ ይቆጥባል ይባላል። ዳገት ላይም ይሠራል?

ሜዳ ላይ፣ ወደ ፎገራ ስትወርዱ፣ አዎ። ዳገት ላይ አይሠራም። ሞተሩ 1,200 ዙር ላይ እየተንቀጠቀጠ ነዳጁን እስከ ወለል መርገጥ ሞተር መቅጣት ነው። በተለይ አዳዲሶቹ ትናንሽ ባለ ቱርቦ ቤንዚን ሞተሮች ይህን አይወዱም። ድብልቁ ካንዴላው ሳያቀጣጥለው ቀድሞ ሊነድ ይችላል። ይህ ከተደጋገመ ፒስተን ይሰብራል። መኪናው ሲንቀጠቀጥ ማርሽ ቀንሱ። ድምፁ ከፍ ማለቱ አያስፈራችሁ።

ሲኖትራክ መቅደም ሲኖርብኝ የትኛው ይረዳኛል?

በዚያች ቅጽበት ሞተሩ ባለበት ዙር ላይ ያለው ቶርክ ነው ፈጥኖ የሚደርስላችሁ፤ እሱ ከሌለ ደግሞ ማርሽ መቀነስ። ከአዘዞ በኋላ በማክሰኝት መንገድ ይህን በየቀኑ እናያለን። ሲኖትራኩ በ40 ይሄዳል። እናንተ አራተኛ ማርሽ ላይ ናችሁ። ከፊት ክፍት መንገድ ታየ። በአራተኛው ከወጣችሁ መኪናው እያቃሰተ ከጎኑ ትቀራላችሁ። ከጎን የምትቆዩበት እያንዳንዱ ሰከንድ አደጋ ነው።

ስለዚህ ማርሹን ከመውጣታችሁ በፊት ቀንሱ። መቅደም ጀምሮ መቀነስ ሳይሆን በፊት። ዙሩ 4,000 ሲሆን የፈረስ ጉልበቱ እጃችሁ ላይ ነው። ከዚያ ውጡ። ከላይ ያልኩት የከፍታ ጉድለት ደግሞ እዚህ ላይ ያስከፍላል፤ አዲስ አበባም ሆነ ጎንደር፣ ደጋ ላይ ያለ መኪና ወረቀቱ ከሚለው በላይ ርቀት ይፈልጋል። የሚታየው ክፍት መንገድ አጭር ከመሰላችሁ አጭር ነው። ጠብቁ።

ዝናብ ሲሆን ብዙ ቶርክ አደገኛ ነው?

አደገኛው ብዛቱ ሳይሆን ድንገተኛነቱ ነው። ጎማ መሬቱን የሚይዝበት አቅም አለው። ክረምት ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ኮብልስቶኑ ሲረጥብ ያ አቅም በጣም ይወርዳል። ቶርኩ በዝግታ ከመጣ ጎማው ያስተናግደዋል። በአንድ ጊዜ ከመጣ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል። የኋላ ጎማ የሚገፋቸው ስፖርት መኪኖች ላይ ይህ ሲሆን የመኪናው ጅራት ወደ ጎን ይሄዳል።

በእርጥብ መታጠፊያ ላይ አንድ ማርሽ ከፍ አድርጉ። ዳገት ላይ አትንቀጥቅጡት ካልኩት ጋር የሚጋጭ ይመስላል። አይጋጭም። እዚያ የምንፈልገው ጉልበት ነበር፤ እዚህ የምንፈልገው ጉልበቱ ረጋ ብሎ እንዲመጣ ነው። ጎማችሁ ያለቀ ከሆነ ደግሞ ስለ ፈረስ ጉልበት ማውራት እንተውና መጀመሪያ ጎማ እንቀይር።

ሊማሊሞን ስወርድ ቶርክ ምን ያገባዋል?

በጣም ያገባዋል። ቁልቁል ላይ ቶርክ ወደ ኋላ ይሠራል። እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሞተሩም እምቢ እያለ መኪናውን ይይዘዋል። ማርሹ ዝቅ ባለ ቁጥር መያዙ ይጠነክራል። ያው የካምቢዮ ብዜት ነው፤ በተቃራኒው።

በጣልያን ወረራ ዘመን የተቆረጠው የሊማሊሞ መንገድ ከደባርቅ ደጋ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ቆላ ይጥላል። በፍሬን ብቻ የወረደ ሰው ገና ግማሽ ሳይደርስ የፍሬን ሽታ ይሸተዋል። የጋለ ፍሬን አይይዝም። ድሮ የጭነት መኪና ሹፌሮች "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" ይሉን ነበር። ለስፖርት መኪናም የሚሠራ ምክር ነው። ትንሽና ቱርቦ ያለው ሞተር ከትልቅ ሞተር ያነሰ ይይዛል፤ ስለዚህ እሱ ላይ አንድ ማርሽ ተጨማሪ ቀንሱ። አውቶማቲክ ከሆነም በእጅ ዝቅ የሚደረግበት ቦታ አለው፤ መንገዱ ሳይጀምር ፈልጉት። ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ ግን ፈጽሞ፣ ፈጽሞ አይሞከርም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ስላሉ ነው የደጋገምኩት። በማርሽ ስትወርዱ እግራችሁ ነዳጅ ላይ ከሌለ ዘመናዊ ሞተር ነዳጅ ጨርሶ ያቆማል፤ ማርሽ ካወጣችሁ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠሉን ይቀጥላል።

ጥምቀት ላይ መኪና ይዤ ልውጣ?

ባትወጡ ይሻላል። ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱና ሲመለሱ መንገዱ የሰው ነው። መውጣት ግድ ከሆነ ግን ከታች ዙር ጀምሮ ቶርክ ያለው መኪና ያዙ። በሰው መሐል በእግር ፍጥነት እየተሳቡ መሄድ ላይ ዙር የሚወድ ሞተር ፍሪሲዮን ይበላል። አንድ ዓመት በዚሁ ቀን የፍሪሲዮኔ ሽታ ዕጣኑን አስረስቶኛል፤ በማግሥቱ ጋራዥ ገባሁ።

የኤሌክትሪክ መኪናስ?

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። ደግሞም ይገባዋል። ኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ቶርኩን ከዜሮ ዙር ጀምሮ ይሰጣል። ቱርቦ የለውም፤ አይዘገይም። አየር አይስብም፤ ስለዚህ ጎንደርም ሆነ ደባርቅ ያው ነው። መንገዳችን ላይ የምናየው ባለ አንድ ሞተር ፎልክስዋገን አይዲ 4 204 የፈረስ ጉልበትና 310 ኒውተን ሜትር አለው። ከቁም ሲነሣ ብዙ ስም ያላቸውን ቤንዚን መኪኖች በዚህ ከፍታ ላይ ያሳፍራል። ቤተሰብ የሚጭን መኪና መሆኑን አትርሱ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ባትሪው ከባድ ነው። ቶርኩ ፈጣን ቢያደርገውም መታጠፊያ ላይ ክብደቱ ይሰማል። ሁለተኛ፣ ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ መኪናውን ይዞ ባትሪውን ይሞላል። ይህ ለእኛ አገር መንገድ በረከት ነው። ነገር ግን ደባርቅ ላይ ባትሪውን 100 በመቶ አድርሳችሁ ሊማሊሞን ከጀመራችሁ የሚሞላበት ቦታ ስለሌለ መያዙ ይቀንሳል፤ ሸክሙ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ትንሽ አጉድላችሁ ውረዱ።

ማርሚታ (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) ብቀይር ጉልበት ይጨምራል?

ድምፅ ይጨምራል። ቱርቦ በሌለው ተራ ሞተር ላይ ልዩነቱ በእጅ የሚዳሰስ አይደለም፤ አንዳንዴ ታች ዙር ላይ ያለውን ቶርክ ይቀንሰዋል። ገንዘቡን ጥሩ ጎማና ንጹሕ የአየር ማጣሪያ ላይ አውሉት። በበጋ አቧራችን ማጣሪያ ቶሎ ይደፈናል። የሳሳው አየር ላይ ይህ ከተጨመረ ሞተሩ ታንቆ ነው የሚሠራው።

ልገዛ ነው። ምን ልሞክር?

ቁጥሩን ብቻ አትጠይቁ። ከቁጥሩ አጠገብ የተጻፈውን ዙር ጠይቁ። ትልቁ ቶርክ 2,000 ላይ ነው ወይስ 6,500 ላይ? ከዚያ ሻጩ ሜዳ ላይ እንዲያስነዳችሁ አትፍቀዱ። ሦስት ሰው ጫኑና ወደ ጎሃ ተራራ ውጡ። መሐል ላይ ቁሙ። የእጅ ፍሬን ያዙ። እንደገና ተነሡ። መኪናው ወደ ኋላ ሳይንሸራተት፣ ሞተሩ ሳይጮህ፣ ፍሪሲዮኑ ሳይሸት ከተነሣ ጥሩ ነው። ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ ከዝቅተኛ ዙር ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻው ድረስ ጨምሩ። ጉልበቱ የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚሰንፍ ወንበሩ ይነግራችኋል። የመጀመሪያው ቶዮታ 86 ለምሳሌ 4,000 ዙር አካባቢ ላይ የምትሰንፍበት ቦታ አላት፤ የምትገዙት መኪና እንዲህ ያለ ቦታ ካለው ከመግዛታችሁ በፊት እወቁት። ላይ ስትደርሱ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉት። ቱርቦ ካለው አንድ ደቂቃ ያህል ይረፍ፤ እናንተም ከላይ ሆናችሁ የፋሲልን ግቢ እያያችሁ ጠብቁት።